የጆርጅታውን ሙታንና እኛ እድርተኞች

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የመጣችሁ ወዳጆቻችን፣ ወላጆቻችሁ ጎትተው ያመጧችሁ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። መኪናችሁን ያቆማችሁበት ቦታ ላይ ያለውን ምልክት በደንብ አንብባችሁታል? ያላነበባችሁ አሁኑኑ ሂዱና አንብቡ፤ ንግግሬ አያመልጣችሁም። እኔ በዚህ በዋሽንግተኑ የጆርጅታውን ሰፈር ብዙ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ስለ ሙታን መንፈስ ብዙ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ አይቼ የደነገጥኩት ግን የመኪናዬ መስታወት ላይ ተሰክቶ የሚጠብቀኝን የቅጣት ወረቀት ብቻ ነው።

ኮሚቴው ገንዘብ የምንሰበስብበትን የዛሬውን የሌሊት ጉዞ ለጠቅላላ ጉባኤው ሲያቀርብ የተነሣውን ክርክር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ አባታችን «እድር ሙት ይቀብራል እንጂ ሙት ይጎበኛል እንዴ?» አሉ። አንዲት እናታችን ደግሞ «በወርኃ ጽጌ፣ ሰው ማኅሌት ቆሞ በሚያድርበት ጊዜ፣ የፈረንጅ ሰይጣን ፍለጋ መዞርን ምን አመጣው?» ብለው ተቆጡ። ሁለቱም ዛሬ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ እግዜር ይስጥልን። እንግዲያው በእነሱ ፊት ልናገር። ዛሬ ማንም ሙት አይጠራም። ጭምብል የለም። ዛፍ ሥር ተደብቆ ልጆች የሚያስደነግጥ ሰው አላቆምንም። የሚያማትብ ያማትብ፣ ቢስሚላህ የሚል ቢስሚላህ ይበል፣ የሚስቅም ይሳቅ። የምንሠራው ሥራ ሦስት ነው፤ እንራመዳለን፣ ታሪክ እንሰማለን፣ ገንዘብ እንሰበስባለን።

ይህ ዓይነቱ ጉዞ ለዚህ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ጥቅምት ሲገባ በሳቫና፣ በኒው ኦርሊንስ፣ ወንዙን ተሻግራችሁ በአሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ፣ ሰው ትኬት ቆርጦ ፋኖስ የያዘ መሪ እየተከተለ ሲዞር ታያላችሁ። ቤተ መዘክሮችና የቅርስ ማኅበራት የጣሪያ ማደሻ የሚያገኙት አንዳንዴ ከዚሁ ነው። እኛ አገር ቤት አንድ ቤት «ክፉ ነገር አለበት» ከተባለ ተከራይ ይሸሻል። እዚህ ሆቴሎች «መንፈስ አለብን» ብለው ያስተዋውቃሉ። ልዩነቱ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ግን የታክሲ ነጂ ሁሉ የሚያውቀውን ተረት አትርሱ፤ ቆንጆ ልጅ በሌሊት ያሳፍራል፣ በርዷት ጃኬቱን ይሰጣታል፣ በማግሥቱ ጃኬቱን መቃብር ላይ ተዘርግቶ ያገኘዋል። ይህን አዲስ አበባ ውስጥ ያልሰማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ስለዚህ ፈረንጁን ብቻ አንማው፤ እኛም ጨለማ ሲወርድ ጆሯችንን እንሰጣለን።

አሁን ስለ ሰፈሩ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን የፈለገ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንስ። ጆርጅታውን ዋሽንግተን ከመቆርቆሯ በፊት የነበረች ከተማ ናት። በ1751 የሜሪላንድ ቅኝ ግዛት ምክር ቤት የትምባሆ ወደብ እንድትሆን ፈቀደ። ትምባሆው በበርሜል ተንከባሎ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ይወርድ ነበር። ትምባሆውን የሚያለማውም፣ በርሜሉን የሚያንከባልለውም በአብዛኛው በባርነት የተያዘ አፍሪካዊ ነው። ከተማዋ የራሷ አስተዳደር ይዛ ቆይታ ከዋሽንግተን ጋር የተዋሐደችው በ1871 ነው።

ንግግሬን ከሚያዝናናው ልጀምር፤ እግራችን ግን በኋላ ከመቃብር ቦታው ይጀምራል። ኤም ስትሪት ላይ ኦልድ ስቶን ሃውስ የሚሏት የድንጋይ ቤት አለች። ክሪስቶፈር ሌይማን የተባለ አናጢ ከባለቤቱ ከሬቸል ጋር በ1765 ሠራት፤ ሰውየው በዚያው ዓመት ሞተ። በከተማዋ በመጀመሪያ መሠረታቸው ላይ ከቆሙት ቤቶች ከሁሉ አሮጌዋ ይህች ናት። የዳነችው በስሕተት ነው፤ ሰው ለረጅም ጊዜ ጆርጅ ዋሽንግተን ከተማዋን ሲያቅድ ያረፈባት ቤት እያለ ስላወራባት ማንም ሊያፈርሳት አልደፈረም። መንግሥት በ1953 ገዛት። ከገዛ በኋላ ታሪክ አዋቂዎች ሲያጣሩ ወሬው እውነት አልነበረም። ጆርጅ የሚባል መንፈስ አለባት ይላሉ፤ ሴት ልጅ አይወድም፣ ይገፋል፣ ያንቃል ይባላል። የእድራችን ሴቶች ኮሚቴ አባላት ከፊት እንዲገቡ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ ለጆርጅ አዝነን ተውነው።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ስንሄድ ሃልሲዮን ሃውስን እናገኛለን። የአሜሪካ የመጀመሪያው የባሕር ኃይል ሚኒስትር ቤንጃሚን ስቶደርት በ1787 ያሠራው ቤት ነው። በ1900 የገዛው አልበርት ክሌመንስ የሚባል ሀብታም እንግዳ ጠባይ ነበረው። ግንባታው እስካልቆመ ድረስ አልሞትም ብሎ ያምን ነበር ይባላል። ስለዚህ አናጢ ከቤቱ አይጠፋም፤ ክፍል በክፍል ላይ ይጨምራል፣ የትም የማያደርስ ደረጃ፣ ግድግዳ ላይ የሚከፈት በር ያሠራል። በ1938 ሞተ። አዲስ አበባ ውስጥ ግንባታው የማያልቅ ቤት ያላችሁ አባላት እንደምትረዱት አውቃለሁ፤ ቢያንስ ረጅም ዕድሜ ይስጣችሁ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ነው። ፕሮስፔክት ስትሪትን ከታችኛው መንገድ ጋር የሚያገናኙት 75 እርከኖች በ1895 የተሠሩ ናቸው። ዓለም ያወቃቸው በ1973 በወጣው አስፈሪ ፊልም ነው፤ አጋንንት ሲያወጡ የነበሩት ቄስ ተንከባለው የወደቁባቸው። ዛሬ ጧትና ማታ ስፖርተኛ ይሮጥባቸዋል። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ እናቶች ከላይ ሆናችሁ ብታዩአቸው ይበቃል፤ ምንም አይቀርባችሁም።

ስለ ወንዙም ልንገራችሁ። ከጆርጅታውን ወደ ላይ ፖቶማክ ውስጥ ሦስት ትናንሽ ቋጥኞች አሉ፤ ሦስቱ እኅትማማቾች ይሏቸዋል። ከአገሬው ተወላጅ ወገን የሆኑ ሦስት እኅትማማቾች ወንዙን ሊሻገሩ ሲሉ ሰጠሙ፤ ሲሰጥሙም «እኛ ካልተሻገርን ማንም በዚህ አይሻገር» ብለው ረገሙ ነው ተረቱ። በ1960ዎቹ መንግሥት በዚያው ቦታ ለአውራ ጎዳና የሚሆን ድልድይ ሊሠራ ተነሣ። ነዋሪው ተቃወመ፣ ተማሪው ሰልፍ ወጣ፣ ፍርድ ቤት አገደ። በ1972 ደግሞ አግነስ የተባለችው አውሎ ነፋስ ያመጣችው ጎርፍ የተጀመረውን ሥራ ጠራርጎ ወሰደ። ድልድዩ እስከ ዛሬ የለም። እርግማኑ ነው ወይስ ሰልፉ? እኔ ለሰልፉ እፈርዳለሁ። ያ አውራ ጎዳና ቢሠራ ኖሮ ብዙ የጥቁር ሰው ቤት ያፈርስ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተቃዋሚዎቹ መፈክርም «ነጮች መንገድ በጥቁሮች መኝታ ቤት» የሚል ነበር።

እስካሁን የነገርኳችሁን ማንም ትኬት ሸጦ የሚያዞራችሁ መሪ ይነግራችኋል። የእኛ ኮሚቴ ተጨንቆ ያዘጋጀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

በ1800 ገደማ ከጆርጅታውን ነዋሪ ሲሶው ጥቁር ነበር። መንፈስ ተብለው የሚተረክላቸው ግን ባለ ቤቶቹ፣ ነጋዴዎቹና መኮንኖቹ ናቸው። ሀብታም ሲሞት መንፈሱ እንኳ ቤት አለው። ታዲያ ሌላው ሲሶ የት ነው ያለው?

አንዱን በስሙ ላስተዋውቃችሁ፤ ያሮ ማሙት ይባላል። ፉላኒ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ከምዕራብ አፍሪካ በ1752 በመርከብ አናፖሊስ ደረሰ። ከአርባ ዓመት በላይ በባርነት ኖሮ በ1796 ነፃ ወጣ። ያጠራቀመውን ገንዘብ ያኖረባቸው ሰዎች ሁለት ጊዜ አከሰሩት፤ እንደገና አጠራቀመ፣ የባንክ አክሲዮን ገዛ፣ በ1800 ዛሬ ዴንት ፕሌስ በሚባለው መንገድ ላይ ቦታና ቤት ገዛ። በዘመኑ የታወቀው ሠዓሊ ቻርልስ ዊልሰን ፒል በ1819 መጥቶ ሣለው፤ ሥዕሉ ፊላደልፊያ ይገኛል። በመንገድ ላይ አምላኩን እየዘመረ ሲሄድ ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር። በ1823 ሲሞት ጋዜጣ የጻፈው ይጸልይበት በነበረው የአትክልቱ ጥግ መቀበሩን ነው። በ2015 አርኪዮሎጂስቶች ቦታውን ቆፍረው አጽም አላገኙም። በዚያ ስናልፍ ሙስሊም ወንድሞቻችን ፋቲሃ የሚያነቡበት ጊዜ በፕሮግራሙ ይዘናል፤ ሌሎቻችን በጸጥታ እንቆማለን።

ሌሎቹ ደግሞ እዚህ የሉም፤ ተሽጠዋል። ኮረብታው ላይ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ልጆቻችሁ እንዲገቡበት የምትመኙት ብዙ ናችሁ። ትምህርት ቤቱን የሚመሩት የሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት በ1838 ሕፃናት የሚገኙባቸውን 272 ሰዎች ወደ ሉዊዚያና ሸጡ፤ ከገንዘቡ የተወሰነው የትምህርት ቤቱን ዕዳ ከፈለ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይህን አምኖ በ2017 አንዱን ሕንፃ በሽያጭ ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ በተጻፈው በአይዛክ ሃውኪንስ ስም ሰይሞታል። ልጃችሁ ሲገባ በሕንፃው በኩል እንዲያልፍ ንገሩት።

አሁን ስለ ሌሊት ልናገር፤ የዛሬው ጉዞ ስሙም የሌሊት ጉዞ አይደል? እዚህ ከጎናችን ያለውን ሮክ ክሪክ የሚባለውን ጅረት ስትሻገሩ ያለችው የዋሽንግተን ከተማ በ1808 ያወጣችው ሕግ ጥቁር ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ እንዳይገኝ ይከለክል ነበር፤ ነፃም ይሁን ባሪያ። ጆርጅታውንም የራሷ ተመሳሳይ ሕጎች ነበሯት። እኛ ዛሬ በባትሪ ብርሃን እየሳቅን የምንሄድበት ሰዓት ለነሱ የሚያስቀጣ፣ የሚያስገርፍ ሰዓት ነበር።

በደቡብ ደግሞ ሕግ ብቻ አልበቃቸውም። ጌቶችና ተቆጣጣሪዎች ነጭ አንሶላ ለብሰው፣ መንፈስ መስለው፣ በየመንገዱ ያስፈራሩ እንደነበር የቀድሞ ባሪያዎች ራሳቸው ተናግረዋል። ጥቁሩ በሌሊት እንዳይወጣ፣ እንዳይሰበሰብ፣ እንዳይጠፋ። በኋላ የመጡት ኩ ክላክስ ክላን የሚባሉት ነጭ ለባሽ ነፍሰ ገዳዮች ልብሱን ያገኙት ከዚያ ነው ቢባል የሚያስደንቅ አይደለም። ሌላም ፍርሃት ነበር። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚቆርጡት አስከሬን ስለሚፈልጉ ሌቦች በሌሊት የጥቁሮችንና የድሆችን መቃብር ይቆፍሩ ነበር። ጥቁሮቹ «የሌሊት ሐኪሞች» ይሏቸዋል። ይህ ተረት መስሎ የሚወራ ነገር ነው፤ ግን አስከሬን ይሰረቅ እንደነበር በዋሽንግተን ፖሊስ የያዛቸው ሌቦች ምስክር ናቸው።

እንዲህም ሆኖ ሰው ሌሊቱን አልተወም። በሚያዝያ 1848 አንድ ሌሊት 77 ሰዎች ፐርል በምትባል ጀልባ ተሳፍረው ከዋሽንግተን ጠፉ። ነፋሱ ተቃወማትና ጀልባዋ ከወንዙ አፍ አላልፍ አለች፤ አሳድዶ የያዛቸው በእንፋሎት የሚሄደው መርከብ የዚሁ የጆርጅታውን ነጋዴ የፍራንሲስ ዶጅ ነበር፤ ከጠፉት ውስጥም የሱ ባሪያዎች ነበሩበት። የጠቆመው አንድ ጋሪ ነጂ ነው ይባላል። የሙያ ባልደረባዬ በመሆኑ ይህን ክፍል ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

አሁን ወደ መነሻችን። ከዚህ ከሮዝ ፓርክ ትንሽ ወደ ላይ፣ በ27ኛው መንገድና በኪው ስትሪት አጠገብ፣ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት የመቃብር ቦታዎች አሉ። አንደኛውን የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በ1808 ገዛው፤ ነጭም፣ ነፃ ጥቁርም፣ ባሪያም ተቀብሮበታል። በኋላ የማውንት ዛየን ቤተ ክርስቲያን ያዘው፤ በ1816 የተመሠረተች፣ በዚህች ከተማ የመጀመሪያዋ የጥቁሮች ማኅበረ ምእመናን ናት። ሁለተኛውን የገዙት ሴቶች ናቸው።

እናቶቼ፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። በ1842 ነፃ የወጡ ጥቁር ሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። አባሏ መዋጮ ትከፍላለች፤ ስትታመም ትረዳለች፤ ስትሞት ማኅበሩ ይቀብራታል። ስሙ ፊሜል ዩኒየን ባንድ ሶሳይቲ ይባላል። ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ይህ እድር ነው። የሴቶች እድር። በዚያው ዓመት በ250 ዶላር መሬት ገዙ። እስቲ ዘመኑን አስቡት። በከተማዋ ሰው ይሸጣል፣ ይለወጣል። ሕጉ ጥቁር ሰው ለመሰብሰብ ያለውን መብት ያጠብበዋል። ሴት በራሷ ስም ንብረት መያዝ ችግር ነው። ብዙዎቹ ልብስ አጣቢ፣ ምግብ አብሳይ፣ የሰው ልጅ አሳዳጊ ናቸው። ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅመው የገዙት ቤት ወይም ሱቅ አይደለም፤ ማንም ሌባ እንዳያወጣቸው፣ ማንም ጌታ እንዳይከለክላቸው የሚቀበሩበትን መሬት ነው። እኛ ወርሃዊ መዋጮ አንድ ቀን ሲዘገይ ገንዘብ ያዡ ላይ የምናጉረመርመውን ነገር እዚያ በር ላይ ስትቆሙ አስታውሱት።

በመቃብሩ ጠርዝ፣ ወደ ሮክ ክሪክ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ በጡብ የተሠራች ትንሽ የሬሳ ማቆያ ክፍል አለች። የብርዱ ወራት ሲገባ መሬቱ ይጠነክርና መቆፈር አይቻልም ነበር፤ አስከሬኑ አየሩ እስኪሞቅ ድረስ እዚያ ይጠብቅ ነበር። ከምእመናኑ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው ግን በዚያች ክፍል ያደሩት ሙታን ብቻ አይደሉም። ወደ ሰሜን የሚጠፉ ባሪያዎችም ተደብቀውባታል። አዳኙ ፈረሱን ይዞ፣ ውሻውን አስከትሎ ሲመጣ፣ በሌሊት የሬሳ ክፍል መክፈት ያስፈራዋል። እንግዲህ አንሶላ ለብሰው በመንፈስ ያስፈራሯቸው ሰዎች፣ በዚያው በመንፈስ ፍርሃት በራቸው ተዘጋ። የጆርጅታውን ታሪክ ውስጥ እኔን ደስ የሚያሰኘኝ መንፈስ ይህ ነው። ከሬሳ ሳጥን ጎን ተቀምጦ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ነጋ አልነጋ ብሎ የሚጠብቅ ሕይወት ያለው ሰው።

ከመቃብሩ አጥር ማዶ ደግሞ ኦክ ሂል አለ፤ በ1849 የተከፈተ፣ የሀብታሞች መቃብር፣ ሐውልቱ የሚያምር። እሱ ሲከፈት ብዙ ነጭ ቤተሰቦች የወገኖቻቸውን አጽም ከአሮጌው የሜቶዲስት መቃብር አንሥተው ወደዚያ ወሰዱ። የፕሬዚዳንት ሊንከን ልጅ ዊሊ በየካቲት 1862 በ11 ዓመቱ ሲሞት ያረፈው በኦክ ሂል በአንድ ወዳጃቸው ቤተሰብ መቃብር ቤት ነው፤ አባቱ እዚያ እየሄደ ያዝን ነበር። እናቱ ሜሪ ሊንከን ኀዘኑ ከብዷት እዚሁ ጆርጅታውን ውስጥ ሎሪ የሚባሉ ቤተሰቦች ቤት ሙታን በሚጠሩበት ስብሰባ ትገኝ ነበር። ሙት መጥራቱን ያነሣሁት ለዚህ ነው፤ የፕሬዚዳንት ሚስትም አድርጋዋለች። ልጁ ከሞተ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1862፣ ሊንከን በዚህች ከተማ ባርነትን የሚያጠፋውን ሕግ ፈረመ። ካሳ የተከፈለው ለጌቶቹ ነው፤ በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር። ለሠሩት ለራሳቸው የተከፈለ የለም። ይህንን ሳነብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጆርጅታውን «ታደሰች»፤ ኪራይና ግብር ወጣ፣ በምሥራቁ በኩል ሄሪንግ ሂል በሚባለው አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ጥቁሮች ቀስ በቀስ ለቀቁ። ቀባሪው ሲሄድ መቃብሩ ብቻውን ቀረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የከተማው ጤና ባለሥልጣናት ከእንግዲህ እንዳይቀበርበት ዘጉት። አረም ዋጠው። ከዚያ ደግሞ መሬቱ ውድ ነውና አጽሙን አንሥቶ ቤት ለመሥራት የሚፈልግ መጣ። ጥቂት ሰዎች ተከራክረው፣ ቦታው በ1975 በብሔራዊ የታሪክ ቅርስ መዝገብ ገብቶ ተረፈ። ዛሬ ብዙው የመቃብር ድንጋይ ከቦታው ተነቅሎ ተደርድሯል፤ ማን ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንደነበረ ማወቅ ከባድ ነው። የሚንከባከቡት ሰዎች ስም በስም ከመዝገብ እየፈለጉ ነው። ገንዘብም ጉልበትም ይፈልጋሉ።

ልጆች የያዛችሁ ወላጆች፣ ናኒ የምትባል ልጅ መቃብር ታያላችሁ። በ1856 በ7 ዓመቷ ሞተች፤ ድንጋዩ ላይ ስሟ ብቻ ነው ያለው፣ የአባት ስም የለም። ሰዎች አሻንጉሊትና ከረሜላ ያስቀምጡላታል፤ በልደቷና በገና ይበዛል። ልጆቻችሁ ቢጠይቋችሁ በእውነቱ ንገሯቸው፤ አታስፈራሯቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ትኬት የገዛችሁበት፣ ከዚህም በላይ የምትሰጡት፣ እኩል ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ መቃብሩን ለሚንከባከቡት ይሄዳል። ኮሚቴው ውስጥ «የኛ ችግር መች አለቀና ለሌላ እንሰጣለን?» ያለ ወንድም ነበረ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው፤ እኛ በዚህ አገር ቤት የተከራየነው፣ ማኅበር ያቋቋምነው፣ ልጆቻችንን ከነጭ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ያስገባነው እነዚያ ሰዎችና ልጆቻቸው ታግለው ባስከፈቱት በር ነው። እድርተኛ የእድርተኛን መቃብር አረም ሲውጠው አይቶ አያልፍም። ሴቶቹ መዋጮአቸውን ከፍለው ጨርሰዋል፤ የሚቀብራቸው ብቻ ሳይሆን የሚያስታውሳቸው ሰው ይገባቸዋል።

ሌላው ግማሽ ወደ እድራችን ልዩ ሣጥን ይገባል። ይህን ለምን እንደምንፈልገው ከናንተ ይልቅ የሚያውቅ የለም። ዘመድ የሌለው ልጅ በድንገት ሲሞት ስልክ የሚደወለው ለኛ ነው። አስከሬኑ በአስከሬን ቤት ማቀዝቀዣ ይተኛል፤ ወረቀቱ፣ የኤምባሲው ማኅተም፣ የአውሮፕላኑ ክፍያ እስኪያልቅ ቀናት ይሄዳሉ። አገር ቤት እናት ድንኳን ጥላ፣ «መቼ ይደርሳል?» እያለች ትጠይቃለች። በየጊዜው ሲሞት ብቻ እየተሯሯጥን ከመሰብሰብ ገንዘቡ አስቀድሞ ሣጥን ውስጥ እንዲገኝ ነው የምንፈልገው። የሁለቱም ግማሽ ሒሳብ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ደረሰኝ ያልተሰጠው ሰው ዛሬውኑ ገንዘብ ያዣችንን ይጠይቅ፣ አይፈር።

ጥቂት ማሳሰቢያ አለኝ። መቃብሩ ውስጥ የምንገባው በብርሃን ነው፤ ከጠባቂዎቹ ጋር የተነጋገርነውም እንደዚያ ነው። ድንጋይ ላይ አትቁሙ፣ አትቀመጡ፣ የወደቀውን ለማቃናት ብላችሁ አታንሡ። ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ እየሳቁ ከድንጋዩ ጋር መነሣት ግን አይሁን። ሰፈሩ ሰው የሚኖርበት ነው፤ ቤቶቹን ከውጭ ነው የምናየው፣ የሰው በር አናንኳኳም፣ የሰው መስኮት ላይ ባትሪ አናበራም። የእግረኛው መንገድ ጡብ ነው፣ የዛፍ ሥር አንሥቶታል፤ ተረከዝ ያለው ጫማ ያደረጋችሁ እኅቶች፣ ጫማ ቀይሩ ተብሎ በዋትስአፕ ስንት ጊዜ ተለቀቀ! ጡሩምባ ነፊ በሌለበት አገር መልእክት የማያነብ አባል ምን ይደረጋል?

በሦስት ቡድን እንሄዳለን። ቀይ ሻርፕ ካሠሩት ጋር ልጆች የያዙ፣ ቢጫ ካሠሩት ጋር በእንግሊዝኛ መስማት የሚፈልጉ ወጣቶች፣ ከኔ ጋር ደግሞ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሁሉ። እግሩ የደከመው ሰው ይንገረኝ፤ ታክሲ የሚነዱ አባሎቻችን ኤም ስትሪት ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ዛሬ ማታ በነፃ ነው፣ ሜትር አይበራም። ውኃና ዳቦ ያ ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ያዙ። የመዋጮው ሣጥን ከጎኑ ነው፤ ጥሬ ገንዘብም ካርድም ይቀበላል። ጀምበር ልትጠልቅ ነው፤ በሩ ሳይዘጋ መድረስ አለብን፤ ተነሡ።